የስኳር ሕመምና ቤተሰብ፦ ከቡታጅራ የጤና ምርምር ታሪክ የተገኘ ትምህርት

ኢንሱሊን በ1922 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከተሰጠ በኋላ የስኳር ሕመም ከገዳይነት ወደ ዕድሜ ልክ ሕመምነት ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ የሕክምናው ዋና ስፍራ የሕመምተኛው ቤት ሆኗል። ቤቱ በሕክምናው ላይ ያለውን ኃይል ለመረዳት ግን ወደ ቡታጅራ መመልከት ይጠቅማል።

የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም በ1986 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተመሠረተ። መዝጋቢዎች በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መዘገቡ። በ1990ዎቹ ይኸው መሠረት ለአእምሮ ጤና ጥናት ዋለ። ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው 17 ከመቶ ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታየባቸው፤ ጭንቀቱም በሴቶች፣ በአረጋውያንና በድኾች ላይ በርትቶ ተገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 178 የአእምሮ ሕሙማን ዘመዶች ተጠየቁ። 75 ከመቶ የሚሆኑት መገለል እንደሚሰማቸው፣ 37 ከመቶ የሚሆኑትም የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ እንደሚሹ ተናገሩ።

እነዚህ ጥናቶች ስለ ስኳር ሕመም አልተደረጉም። ሆኖም ሕመም የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን በአኃዝ አሳይተዋል። የስኳር ሕመምተኛም ከዚህ የተለየ አይደለም። ለጋብቻ የደረሰች ወጣት መርፌዋን ከጎረቤት ልትሰውር ትችላለች። በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ የእንሰት ውጤት የሆነው ቆጮ ከአንድ ገበታ በጋራ ስለሚበላ፣ መጠኑን መለካት ከእንግዳና ከአባወራ ፊት ያሳፍራል። በረመዳንና በዓቢይ ጾም መድኃኒቱ ሳይስተካከል የሚጾም ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የተስፋ መቁረጥ ስሜት የተጫነው ሕመምተኛ ደግሞ መድኃኒቱን ይረሳል፤ ቀጠሮውንም ያሳልፋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑን በእርጥብ የሸክላ ዕቃ ማቆየቱ እንኳ የቤተሰብን ትብብር ይጠይቃል።

ስለዚህ ሐኪሙ የስኳሩን መጠን ከመለካት አልፎ ምግቡን ማን እንደሚያበስል፣ ሕመሙን ቤት ውስጥ ማን እንደሚያውቅ፣ ሕመምተኛው ጾምን እንዴት እንደሚያሳልፍና ልቡ እንዴት እንደ ሰነበተ ሊጠይቅ ይገባዋል። የምታበስለውም እናት፣ እህት ወይም ሚስት ከሕመምተኛው ጋር ብትጠራ ምክሩ በክፍሉ በር ላይ አይቀርም። የቡታጅራ መዝጋቢዎች በር እያንኳኩ የሰበሰቡት እውቀት ፍሬ የሚያፈራው ሐኪሙም በጥያቄው የዚያን ቤት በር ሲያንኳኳ ነው።