ውሃ ጨምርበት፦ የአንድ ልማድ ታሪክ

ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ውስጥ መኪና መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ሞተር የሞቀበት የአገሬ ልጅ ሁሉ ኮፈኑን ከፍቼ ሳልጨርስ «ጋሼ፣ ውሃ ጨምሬበታለሁ» ይለኛል። ለበሽታው መድኃኒቱን ሰጥቶ የመጣ ይመስለዋል። እኔ ግን አልቆጣም። በልጅነቴ በጎጃም መስመር የጭነት መኪና ረዳት ስለነበርኩ፣ ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

መኪና አገራችን የገባው ገና መንገድ ሳይኖር ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ በሲድሊ መኪናው ከጅቡቲ ጀምሮ በረሃና ተራራ አቋርጦ ነበር። የጭነት መኪና ዘመን የመጣው ግን ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበሩት ዓመታት የጣርማበር ዋሻ ተበሳ፤ የሊማሊሞ ጠመዝማዛም ተቆረጠ። ሠራዊቱ ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱና ፊያቱ ቀሩ። መጀመሪያ ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላም ኤን ትሬ የተባሉት ፊያቶች የአገሩን እህልና ጨው አመላለሱ። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም መንገዱ ተሻሻለ፤ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።

የዓባይን በረሃ ውሰዱ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን የተሻገረ መኪና እስከ ደጀን ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ሙሉ ጭነት የያዘ ኤን ትሬ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግም ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ግን የለም። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ ጣርማበር ላይ ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ላልቶ፣ ማኒኮቶው (የውሃ ጎማው) በሽቦ ታስሮ የሚሄድ አሮጌ መኪና ታዲያ ዳገት ላይ ቢያፈላ ምን ይገርማል?

ረዳት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። መኪናው ሲቆም ዘልሎ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ቀጥሎ ጀሪካኑን ያነሳል። ጨዋ ሾፌር ሞተሩን አያጠፋም። በዝቅተኛ ዙር እያሠራ ትንሽ እንዲበርድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ረዳቱ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ይከፍትና ውሃውን ጥቂት በጥቂት ያፈስሳል። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ የደፋ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ይሰነጥቃል። ይህን መጽሐፍ አላስተማረንም፤ የተሰነጠቀ ሞተር ዋጋ አስተማረን። ውሃ መጨመር በዚያ ዘመን ስንፍና አልነበረም። ውሃው በእንፋሎት እየወጣ ያልቃልና መተካት ነበረበት።

ዛሬ ጊጊሪ የሚመጣልኝ መኪና ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ክዳኑ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ውስጡ ያለው ኩላንት እንጂ ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ቴስታታውም በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያጎብጠዋል። የተዘጋ ሥርዓት ነው። ውሃው ከጎደለ ወይ የሆነ ቦታ ይፈስሳል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ጀሪካን ይህን አያድነውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።

ዳገቱም ተለውጧል፤ የዛሬው ዳገት የመኪና ሰልፍ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1972 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙ መቀመጫ ናይሮቢ እንዲሆን ወሰነ፤ ግቢውም እዚህ ጊጊሪ ሆነ፤ የአሜሪካ ኤምባሲም በ1998 እ.ኤ.አ. መሐል ከተማ ላይ በቦምብ ከፈረሰ በኋላ ወደዚሁ ወደ ጊጊሪ መጣ። የካሩራ ደን ጥግ የነበረው ሰፈር ጠዋት ጠዋት ቀይ ታርጋ የሚሰለፍበት ሆነ። በሊሙሩ መንገድ ላይ እግር በእግር መሄድ ለሞተር ከዓባይ ዳገት አይሻልም፤ ነፋስ የለም፣ ሁሉም ነገር በፋኑ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የሚሞቅብህ?» ብዬ ነው። ሰልፍ ላይ ሞቆ ሲከንፍ ከበረደ ፋኑን፣ ፊውዙንና ሬሌውን አያለሁ። በተቃራኒው ሰልፍ ላይ ደህና ሆኖ በፍጥነትና በዳገት ከሞቀ የራዲያተሩን መደፈን፣ የውሃ ፖምፓውንና ቺንጊያውን እጠረጥራለሁ። የሙቀት ጌጁ ላይ ሙቀቱ ወጥቶ የታችኛው ማኒኮቶ ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል ማለት ነው። ሌሊቱን የበረደ ሞተር ተነስቶ ገና ሳይሞቅ ማኒኮቶው ከጠነከረ፣ ወይም በጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ያኔ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መሄዱ ነው።

ሌላም የጋራ ልማድ አለን። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ ናይሮቢ መለዋወጫ በሚሸጥበት በኪሪንያጋ መንገድ፣ ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ ብልኃት ይቆጠራል። የቀን ሙቀት ያስታግስ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል።

አባቶቻችን ሾፌሮች አልተሳሳቱም፤ የነበራቸውን መኪና ያውቁ ነበር። እኛም የያዝነውን እንወቅ። ጌጁ ሲወጣ ዳር ይዘህ ቁም፣ ኤሲውን ዝጋ፣ ፋኑ መዞሩን እይ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፋ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን አትንካ። ውሃ ከጨመርክም ወደ ቤትህ ሳይሆን በቀጥታ ወደ መካኒክ ንዳ።