ከመዘዞ እስከ አልዩ አምባ፤ የአንኮበርን ታሪክ ወርዶ ማየት

የማኅበራችን አዘጋጆች ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔት ስለ ሰሜን ሸዋ ታሪካዊ ቦታዎች ጻፍልን ሲሉኝ፣ መነሻዬን መዘዞ ላይ ለማድረግ ብዙ አላሰብኩም። አገሬ ነው። ታሪክ ተምሬ ታሪክ ሳስተምርም ተማሪዎቼ «መዘዞ ደግሞ ምን የሚጎበኝ አለ?» ሲሉኝ ኖረዋል። ቤተ መንግሥት የለንም፤ እውነት ነው። ያለን መንገድና መሬት ነው። መንገዱ መንዝን ከጣርማ በር ጋር ያገናኛል። መሬቱ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለዓለም ገበያ ቡናማ ኦፓል አቅርቧል፤ ድንቡልቡል ድንጋይ ሲፈለጥ ሆዱ ውስጥ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይገኝበታል። ዛሬ ኦፓል ሲባል ሰው ሁሉ ወሎን ወገል ጤናን ነው የሚያነሳው፤ የመዘዞው ግን ቀድሞ ነበር። ይህን እንኳ ሳልናገር አላልፍም።

ከመዘዞ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዋሻውን ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ነው የበሱት። ሾፌሮች ዛሬም «ሙሶሊኒ» ይሉታል። ያን ጊዜ በዙሪያው ያሉት ተራሮች የሸዋ አርበኞች፣ የእነ ራስ አበበ አረጋይ፣ መዋያ ስለነበሩ መንገዱ ለወራሪው የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር።

ጊዜ ያለው ሰላ ድንጋይን ይይ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲያመራ እሷ ዘንድ ጎራ ብሏል። ደብረ ብርሃንን ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ዘርዐ ያዕቆብ በ1440ዎቹ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርጎ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራና ከተማውን እንዳቆመ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብርሃኑን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ። አንጎለላ፣ ምኒልክ በነሐሴ 1836 የተወለዱበት፣ ከደብረ ብርሃን ቅርብ ነው።

ወደ አንኮበር እንሂድ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደጋው ሜዳ ድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ይወድቃል። ስሙ «የአንኮ በር» ከሚለው መጣ ይባላል። እውነትም በር ነው፤ ከባሕር የሚመጣው ነጋዴ ወደ ሸዋ ደጋ የሚገባበት በር። የሸዋ ገዢዎች ከተማቸውን እዚህ ገደል አፋፍ ላይ የተከሉት ምሽግ ፈልገው ብቻ አይደለም። ከዚህ ሆኖ የንግዱን መስመር መጠበቅና ቀረጥ መቀበል ይቻላል።

ሣህለ ሥላሴ ከ1805 ገደማ እስከ 1840 ዓ.ም. ሲገዙ አንኮበር ከፈረንጅ ጋር መነጋገሪያ ሆነች። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጣ። በ1833 ክረምት የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ሆኖ ደረሰ፤ በኅዳር 1834 የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ንጉሡ ከውሉ ይልቅ ዓይናቸው ያረፈው ከእጅ መንሻው መድፍና ጠመንጃ ላይ እንደነበር የሃሪስን መጽሐፍ ያነበበ ይረዳል። እኔ አልፈርድባቸውም፤ የዘመኑ ጎረቤት ምን ዓይነት እንደነበር እናውቃለን። ልጃቸው ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ሸዋ በቴዎድሮስ እጅ ወደቀች፤ ሕፃኑ ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 አምልጠው ተመለሱና አንኮበርን እንደገና ያዙ።

ዛሬ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው የሚያገኘው የግንብ ቅሪትና ሎጅ ነው። ሎጁ በቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ነው። እንግዳ ያድርበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል፤ ለአካባቢው ገቢም ነው። ችግሩ፣ አዲሱ ሲያምር ጎብኚው አሮጌውን ሳያይ መሄዱ ነው። እኔ ብጠየቅ ከአንድ አዲስ አዳራሽ ይልቅ ያቺን የግንብ ቅሪት በደንብ ለክቶ፣ ስሎ፣ አጥሮ ማቆየት እመርጣለሁ። ሥዕሏን ይዘን ቤት መሥራት እንችላለን፤ ከአዲሱ ቤት ግን የጥንቱን ግንብ አናገኝም።

አስጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ኮረብታ ላይ ያበቃሉ። ታሪኩ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ አለች፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ፣ የአርጎባዎች አገር። ከታጁራ የሚነሳው ቅፍለት የሚያርፈው እዚህ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርለስ ጆንስተን በ1834 ዓ.ም. እዚህ ተቀምጦ ስለ ገበያዋ በሰፊው ጽፏል። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ይሸጥባት ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። በአካባቢው አብዱል ረሱል የሚባለው ገበያ በባሪያ ንግድ የታወቀ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ሰዎች በዚያ አልፈው ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። የአንኮበር ግርማ የተገነባበት ገንዘብ በከፊል ከዚህ መጣ። የቤተ መንግሥቱን የእህልና የውሃ ሥራ የሚሠሩትም ባሪያዎች ነበሩ።

ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር ወዳጆች አሉኝ፤ «የአባቶቻችንን ስም አታጥፋ» ይሉኛል። እኔ ግን ኮረብታውን ብቻ እያሳየን ገበያውን ከደበቅን ተማሪው አንኮበር ለምን ገደል አፋፍ ላይ እንደተሠራች እንኳ አይገባውም። ንጉሡም፣ ነጋዴውም፣ የተሸጠውም በአንድ ዳገት ላይ ነው የኖሩት።

ከዚያው ሳትርቁ ሌት ማረፊያን እዩ። ምኒልክ ለኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። የቡድኑ መሪ አንቲኖሪ ወፍና ተክል ሲሰበስብ ኖሮ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ገጣሚው ራምቦ በ1879 ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ሲደርስ ግን ንጉሡን አላገኛቸውም፤ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ነበርና ተከትሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የድሮ ቦታዋን አላገኘችም።

ለሚቀጥለው መገናኛችን ጉዞ ከታሰበ፣ የታሪክ ክፍል መምህራን ሜትርና ካሜራ ይያዙ፤ እኛ ደግሞ ጠንካራ ጫማ። ጠዋት ኮረብታው ላይ እንዋል፣ ከሰዓት ወደ አልዩ አምባ እንውረድ። ዳገቱን ተመልሶ ለመውጣት ለዕድሜያችን መኪና ቢጠብቀን አይከፋም።