መንቀልን ያልተማሩት የጥርስ ባለሙያዎች

የጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው መቼ ነው ቢባል የአብዛኛዎቻችን መልስ አንድ ነው፤ ሲያም። ያውም ቅርንፉድ ተነክሶ፣ አረቄ ተጉመጥምጦ፣ ጉንጭ በነጠላ ታስሮ፣ ሌሊቱ አልነጋ ካለ በኋላ። ጤነኛ ጥርሱን ይዞ “እስቲ እዩልኝ” ብሎ ወንበሩ ላይ የሚወጣ ሰው ወይ ገንዘብ የተረፈው ወይ ሥራ የፈታ ይመስላል። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው ተረታችን ለትዳርና ለጎረቤት ጠብ ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ ስለ አፋችን ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካዊውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሐኪሙም ገንዘብ የሚያገኘው ከነቀለው፣ ከሞላውና ከተካው ጥርስ ነበር። እንግዲህ ሕመምተኛውም ሐኪሙም ሕመሙን በሚጠብቁበት ዓለም፣ ላልታመመ ጥርስ የሚጨነቅ ሙያ ከወዴት መጣ? ታሪኩ የሚወስደን በኮነቲከት ግዛት ወደምትገኘው የፋብሪካ ከተማ፣ ወደ ብሪጅፖርት ነው።

ዶክተር አልፍሬድ ፎንስ እ.ኤ.አ. በ1869 ተወለዱ። አባታቸውም የጥርስ ሐኪም ነበሩ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ዶክተር ዲ. ዲ. ስሚዝ የተባሉ የፊላደልፊያ ሐኪም፣ የሰው ጥርስ በየጊዜው በባለሙያ እጅ ቢጸዳ ብዙው ሕመም ከመነሻው ይቀራል እያሉ ያስተምሩ ነበር። መሣሪያቸውም ቀላል ነው፤ ድንጋይ መሰሉን ቆሻሻ የሚፍቅ ብረት፣ የብርቱካን እንጨትና ጥርስን የሚወለውል የፓሚስ ዱቄት። ፎንስ ይህን በራሳቸው ደንበኞች ሞክረው አመኑበት።

ካመኑ በኋላ ግን ሒሳቡ አልመጣ አላቸው። አንድን አፍ በደንብ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ሲያጸዳ ከዋለ የታመመውን ማን ያክም? መፍትሔውን እዚያው ክሊኒካቸው ውስጥ አገኙት። በ1906 የአክስታቸውን ወይም የአጎታቸውን ልጅ የሚሏት ዓይነት ዘመዳቸውንና ረዳታቸውን አይሪን ኒውማንን ጽዳቱን ያስተምሯት ጀመር። መጀመሪያ የተለማመደችው በተነቀሉ ጥርሶች ላይ ነው። እጇ ሲረጋ ወደ ሰው አፍ ተሸጋገረች።

በዚያ ዘመን የሐኪም ፈቃድ የሌላት ሴት በደንበኛ አፍ ውስጥ ስለታም ብረት ማስገባቷ ቀላል ነገር አልነበረም። ሙያችን ተደፈረ ያሉም፣ ገበያችን ተነካ ብለው የሰጉም ሐኪሞች ነበሩ። ፎንስ ግን አንዲትን ረዳት ከማሠልጠን አልፈው ትምህርት ቤት ለመክፈት ተነሡ። ኅዳር ወር ላይ በ1913፣ ከክሊኒካቸው አጠገብ በነበረው የሠረገላ ማደሪያ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል ተጀመረ። ከተማሪዎቹ መካከል መምህራን፣ ነርሶች፣ የጥርስ ሐኪም ረዳቶችና የሐኪሞች ሚስቶች ነበሩ። ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ምሁራን ስለ ሰውነት አሠራር፣ ስለ ባክቴሪያና ስለ ንጽህና አስተማሯቸው። በቀጣዩ ዓመት 27 ሴቶች ተመረቁ።

ስማቸውን ያወጡት ፎንስ ራሳቸው ናቸው። “የጥርስ ነርስ” እንዲባሉ አልፈለጉም፤ ነርስ ሲባል ሕመም ይታሰባል አሉ። ስለዚህ “የጥርስ ንጽህና ባለሙያ” ተባሉ። ቃሉ ራሱ ከጤና የሚነሣ እንዲሆን ነው።

ለመሆኑ ጥርስ ማጠብ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ይህን ሙያ ሳጠና በጣም የገረመኝ የእጅ ነገር ነው። የዛሬዋ ተማሪ መጀመሪያ የምትማረው መሣሪያውን አያያዝ ነው፤ እንደ እስክርቢቶ በጣቶቿ ትይዘዋለች። አንዱ ጣቷ ግን ሁልጊዜ በጥርስ ላይ ያርፋል። ይህ ጣት የእጇ ምሰሶ ነው። ሕመምተኛው ድንገት ቢንቀሳቀስ እጇ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ብረቱም ድዱን አይወጋም። ቀጥሎ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ክፍተት ትለካለች። በጤነኛ አፍ ይህ ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲጠልቅ የሕመም ምልክት ነው። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በስድስት ቦታ ይለካል። ከድድ ሥር የተደበቀውን ደረቅ ቆሻሻ ዓይን አያየውምና በብረቱ ጫፍ እየዳሰሰች በጣቷ ስሜት ታገኘዋለች። ይህን ለመልመድ መጀመሪያ በሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ቀጥሎ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው፣ በመጨረሻም በአስተማሪ ዓይን ሥር በእውነተኛ ሕመምተኛ ላይ ይሠራሉ።

የእጁ ትምህርት ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሰው አያያዝ ነው። አፉን ከፍቶ በጀርባው የተኛ ሰው መናገር አይችልም፤ ሕመሙን የሚገልጸው በዓይኑና በእጁ ጭብጥ ነው። ተማሪዋ ብረት ከማንሣቷ በፊት ስለ ልብ፣ ስለ ስኳር ሕመም፣ ስለሚወስደው መድኃኒት መጠየቅ አለባት። ለሕፃናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 የተጻፈ አንድ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ መጀመሪያ ንገረው፣ ቀጥለህ አሳየው፣ ከዚያ ሥራ። የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ በእጁ የነካ ልጅ ፍርሃቱ ይቀልለታል።

የብሪጅፖርት ምሩቃን የተሰማሩትም በአብዛኛው ወደ ልጆች ነበር። ተነቃናቂ ወንበራቸውን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እያዞሩ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ጥርስ አጸዱ፤ አቦራረሽ አስተማሩ። ለወላጆችም ትምህርት ሰጡ። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ በክፍያ ሊያገኘው የማይችለውን እንክብካቤ በክፍሉ በር ላይ አገኘው። ፎንስ ከዓመታት በኋላ የልጆቹ የጥርስ መበስበስ እጅግ መቀነሱን ዘገቡ። ዛሬ በሚታወቀው መሠረት መቦርቦርን በመከላከል በኩል ስኳርን መቀነስና ፍሎራይድ ከጽዳቱ የበለጠ ድርሻ አላቸው። በድድ በኩል ግን እውነታቸው ተረጋግጧል። በ1965 የታተመ በዴንማርክ የተካሄደ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ፤ ዘጠኙ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ባሉት ቀናት የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት እንደጀመሩ በሳምንት ገደማ ዳኑ።

ሙያው ሕጋዊ የሆነው በክፍያ ነው፤ ክፍያውም ነፃነት ነበር። የኮነቲከት ሕግ በ1915 ሲሻሻል ባለሙያዋ ቆሻሻና እድፍ እንድታነሣ ተፈቀደላት፤ ሌላ ሥራ ግን በአፍ ውስጥ እንዳትሠራና በሐኪም የበላይ ቁጥጥር ሥር እንድትሆን ተደነገገ። የሐኪሞቹ ስጋት የተገታው በዚህ አጥር ነው። አይሪን ኒውማን በ1917 የዓለም የመጀመሪያውን የሙያ ፈቃድ ተቀበለች። በ1923 የአሜሪካ የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎች ማኅበር ተመሠረተ። ሙያው ለሴት ብቻ የተተወ ስለነበረም የመጀመሪያው ወንድ የተመረቀው በ1965 ነው። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ባለሙያዋ ሐኪም አጠገቧ ሳይቆም በትምህርት ቤትና በአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። የመጀመሪያው አጥር ለመላላት ብዙ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶበታል።

እኔ በዚህ ታሪክ ላይ የማደንቀው ፎንስን ብቻ አይደለም። ሙያውን ሙያ ያደረጉት እነዚያ 27 ሴቶች ናቸው። የነቀለ ሐኪም ጥርሱን በሳህን ላይ አኑሮ ያሳያል፤ የሞላም ሥራው ይታያል። እነሱ ግን የሠሩት ሥራ ምልክቱ ያልተቦረቦረ ጥርስ፣ ያልደማ ድድ፣ ያላለቀሰ ልጅ ነው። ላልሆነ ነገር ማን ያመሰግናል? ማንስ ይከፍላል? ሐኪም በጥቂቱ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የጥርስ ሐኪም ለማፍራት ብዙ ዓመት ሲያስፈልግ፣ ልጅን ጥርስ አጠባበቅ የሚያስተምር ሰው ለማሠልጠን ግን ያን ያህል አይፈጅም።

የሙያው ጥሩ አስተማሪዎች ለተማሪዎቻቸው የሚነግሩት አንድ ምክር አለ፤ ሕመምተኛውን ከመምከርህ በፊት “እስቲ አንተ እንዴት ታጸዳለህ? አሳየኝ” በለው። ብሩሽ የያዘም ይኖራል፤ እንደ እኛ የወይራ መፋቂያ የያዘም ይኖራል። ትምህርቱ የሚጀምረው ሰውየው በእጁ ከያዘው ነገር ነው።