የሶቪየትና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በፈተና የተለያዩበት መንገድ
የሶቪየት ኅብረትና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከመነሻቸው ተቃራኒ እንደነበሩ ዘወትር ቢነገርም፣ በ1920ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሶቪየት ትምህርት ቤት አርአያ አድርጎ ይመለከት የነበረው አሜሪካን ነው። አብዮቱ በ1918 ውጤት መስጠትንና ፈተናን ካስቀረ በኋላ፣ የትምህርት ኃላፊዎቹ በማሳቹሴትስ ዳልተን ከተማ የተሞከረውን «የዳልተን ዕቅድ»፣ ማለትም ተማሪው የተሰጠውን ሥራ በራሱ ፍጥነት እየሠራ የሚማርበትን ዘዴ ወስደው በቡድን ሥራ መልክ ተገበሩት፤ በ1928 አገሪቱን የጎበኘው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊም ያየውን በአድናቆት ጽፏል። ይሁንና አንዱ የቡድን አባል የመለሰው ለሁሉም ይታሰብ ስለነበር ማን እንደተማረ መለየት አዳጋች ሆነ፤ አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች መሐንዲስ በሚሹበት በዚያ ወቅት፣ በነሐሴ 1932 የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ዘዴውን ነቅፎ መምህር የሚመራውን የክፍል ትምህርት መለሰ፣ ፈተናም ተመለሰ።

የተመለሰው ፈተና በብዙ የትምህርት ዓይነቶች የቃል ነበር። የዓመቱ ትምህርት «ቢሌት» በሚባሉ፣ ጥቂት ጥያቄዎችን በያዙ ወረቀቶች ይከፋፈላል፤ በፈተናው ቀን ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ይደረደራሉ፤ ተማሪው አንዱን አንሥቶ ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ይዘጋጅና በፈታኞቹ ፊት ያስረዳል። የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁሉንም ማጥናት ግድ ይለዋል፤ ፈታኙም «ለምን?» ብሎ ሊያፋጥጠው ስለሚችል በግምት ማለፍ ይከብዳል። በአንጻሩ የፈታኙ ስሜት ውጤቱን ሊያዛባ ይችል ነበር፤ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚወስኑት የየግዛቱና የየአካባቢው ቦርዶች በመሆናቸው አንድ ወጥ ቢሌት የማይታሰብ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከየስፍራው የሚመጡ ተማሪዎችን ለማነጻጸር በ1926 ወደተጀመረው ኤስኤቲ ወደተባለው ፈተና አዘነበሉ። በ1930ዎቹ መጨረሻ አይቢኤም ያቀረበው ማረሚያ ማሽን፣ የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ተጠቅሞ ትክክለኛ መልሶችን ስለሚቆጥር የምርጫ ጥያቄ ይበልጥ ተስፋፋ። የሶቪየት ሳተላይት ስፑትኒክ በ1957 ከመጠቀች በኋላ የሶቪየት ትምህርት አሜሪካውያንን ቢያስደነግጥም፣ በ1958 የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለቋንቋ ገንዘብ ሲመድብ፣ ብቁ ተማሪዎችን ለመለየትም ያንኑ የለመዱትን ፈተና ደገፈ።

የሁለቱን ልዩነት በራሳቸው ላይ ካዩት መካከል በደርግ ዘመን ማትሪክን በምርጫ ጥያቄ አልፈው ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል፤ በመሰናዶ ዓመት በተማሩት ሩሲያኛ ቢሌት አንሥተው አናቶሚን ወይም ሜካኒክስን በቃል ማስረዳት ነበረባቸውና፣ ፈተናው የትምህርቱን ያህል የቋንቋም ነበር።