የሞተውን ያስነሡ አንባቢዎች

በታኅሣሥ 1893 እ.ኤ.አ. የለንደኑን ስትራንድ መጽሔት የገዛ ሰው መርዶ ገዛ፤ የልቦለዱ መርማሪ ሼርሎክ ሆምስ ከጠላቱ ከሞሪያርቲ ጋር ተናንቆ ስዊዘርላንድ ውስጥ ራይከንባክ ፏፏቴ ገባ። ደራሲው ኮናን ዶይል ሆን ብሎ ነው የገደለው። ታሪካዊ ልቦለዶቹን ያደበዝዛል የሚለው ይህ መርማሪ ጊዜውን እየተሻማበት አሰልችቶት ነበር። አንባቢው ግን አልማረውም፤ ብዙዎች መጽሔቱን መግዛት ተዉ፣ አንዲት ሴትዮ በደብዳቤ ጨካኝ ስትል ሰደበችው። ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ሐዘን ተቀመጡ የሚባለው ግን ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ወሬ ያሳመረው ይመስላል።

በ1901 «የባስከርቪሎች ውሻ» የተባለው የሆምስ ልቦለድ ሲመጣ ዶይል ታሪኩን ከሆምስ ሞት በፊት የሆነ አድርጎ አመለጠ። በ1903 ግን ዳጎስ ያለ የአሜሪካ ገንዘብ ቀረበለትና ሆምስን መለሰው፤ ለካ ፏፏቴው ውስጥ አልወደቀም ኖሯል!

ሁሉም አልረካም። አንድ የኮርንዎል ጀልባ ቀዛፊ ለራሱ ለዶይል፣ ሆምስ ከገደሉ ወድቆ ባይሞት እንኳ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገረው። ዶይልም ሳይቀየም ሲያወራው ኖረ። እኔ በቀዛፊው አልስማማም፤ ከተመለሰ በኋላ የተጻፈው፣ አንድ ሌባ የናፖሊዮንን የጀሶ ምስል እያሳደደ የሚሰባብርበት ታሪክ ከቀድሞዎቹ ከየትኛው ያንሳል?