ከኩሽኔታ ጋሪ እስከ ስኬትቦርድ ሜዳ
የሕዝብ መጫወቻ ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን የሚያወራው ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ መጫወቻ ሜዳ ነው። “መጫወቻ ሜዳም ታሪክ አለው እንዴ?” የሚል ተማሪ አይጠፋም። አለው እንጂ! ማን ጠየቀው? መሬቱን ማን ሰጠ? በማን ጉልበት ተሠራ? ከተሠራ በኋላስ ማን ጠበቀው? እነዚህን ጥያቄዎች ያነሳ ሰው አንድ ከተማ ለልጆቹ ምን ያህል ቦታ እንዳለው በቀላሉ ይረዳል።

ለዛሬ የመረጥነው ስኬትቦርድ የሚባለውን ጨዋታ ነው። ስኬትቦርድ ማለት አራት ትናንሽ ጎማዎች የተገጠሙለት ጣውላ ሲሆን ተጫዋቹ በላዩ ቆሞ በአንድ እግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄድበታል። ስሙ የፈረንጅ ነው፤ በአማርኛ “ስኬት” ከሚለው መልካም ቃል ጋር የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ጨዋታው ራሱ ግን ለእኛ ልጆች ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ከጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ለምኖ፣ እንጨት ላይ ገጥሞ፣ ቁልቁለቱን እየተንኳኳ ያልወረደ የአዲስ አበባ ሰፈር ልጅ ስንት ነው? ልዩነቱ የኩሽኔታው ጋሪ መንገድ ላይ መቅረቱና ስኬትቦርድ ግን የራሱን ሜዳ ማግኘቱ ነው። ታዲያ እንዴት አገኘ? (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሩ

ጨዋታው የተስፋፋው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ነው። በ1950ዎቹ በባሕር ማዕበል ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ባሕሩ ጸጥ ሲልባቸው የጫማ ጎማ ፈትተው ጣውላ ላይ እየገጠሙ በአስፋልት ላይ መንሸራተት ጀመሩ። የዚያን ጊዜው ጎማ ብረት፣ ቀጥሎም እንደ ሸክላ ጠንካራ ስለነበረ ትንሽ ጠጠር ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ልጁን ይጥለው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዩሬቴን ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ጎማ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጎማው መሬት ስለሚቆነጥጥ ተዳፋት መውጣትና መጠምዘዝ ተቻለ።

ከዚያም በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያን ድርቅ መታት። ብዙ የግቢ መዋኛ ገንዳዎች ባዶ ቀሩ። የገንዳዎቹ ግድግዳ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው በቀጥታ ሳይሆን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጎበጥ ብሎ ነው። ወጣቶቹም እየገቡ በግድግዳው ላይ መውጣትና መውረድ ተማሩ። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራው የስኬትቦርድ ሜዳ ጎድጓዳ ቅርጽ ከዚያ የተወረሰ ነው።

ነጋዴዎች ይህን አይተው ከ1976 ጀምሮ በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ በትኬት የሚገባባቸው ሜዳዎች ከፈቱ። ምን ዋጋ አለው! ልጆች ሲጎዱ የኢንሹራንሱ ክፍያ እየናረ ሄደ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብዛኞቹ ተዘግተው በቡልዶዘር ፈረሱ። በአንጻሩ በምዕራብ አውስትራሊያ በአልባኒ ከተማ በዚያው በ1976 የማኅበረሰቡ ንብረት ሆኖ የተከፈተው ሜዳ እስከ ዛሬ አለ። ለትርፍ የተሠራው ትርፉ ሲያልቅ አብሮ አለቀ፤ ባለቤቱ ሕዝብ የሆነው ግን ዘለቀ።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሲገነቡ

ሜዳ ያጡት ወጣቶች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1990 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የተወሰኑ ተጫዋቾች በርንሳይድ በሚባለው ድልድይ ሥር፣ ሰው በማይፈልገው ቆሻሻ ቦታ ላይ፣ ሲሚንቶ በእጃቸው እያቦኩ ተዳፋት መሥራት ጀመሩ። ፈቃድ አልነበራቸውም። ነገር ግን ቦታውን አጸዱ፣ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ተግባቡ፤ የከተማው ምክር ቤትም በኋላ ሥራውን አይቶ እንዲቀጥል ፈቀደ። ሜዳው ዛሬም ይሠራል።

እዚህ ላይ መምህራን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ያለ ፈቃድ ጀምሮ በኋላ ፈቃድ ማግኘት ለአገሬው ልጅ ሊሆንለት ይችላል፤ ለስደተኛ ግን አይመከርም። ከበርንሳይድ የምንወስደው ትምህርት ሕገወጥነቱን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው። በመጀመሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሜዳው የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው።

ከተሞች በብዛት መገንባት የጀመሩት ደግሞ ሕጉ ሲስተካከል ነው። በ1997 ካሊፎርኒያ ስኬትቦርድን አደጋ ሊያስከትሉ ከሚችሉ መዝናኛዎች ተርታ የሚመድብ ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ የራስ ቁርና የጉልበት መከላከያ ይደረግ የሚለውን የመሳሰሉ ደንቦችን ያወጣ ማዘጋጃ ቤት ልጅ ወድቆ በተጎዳ ቁጥር የመከሰስ ስጋቱ ቀለለለት። አየህ፣ አንዳንድ ጊዜ ሜዳ የሚከፍተው መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ሕግ አርቃቂውም ጭምር ነው።

ከካምፓላ እስከ አዲስ አበባ

ጨዋታው ወደ እኛ ክፍለ ዓለም ሲመጣም መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። በ2006 በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ኪቲንታሌ በሚባል ድሃ ሰፈር፣ ወጣቶች በራሳቸው ጉልበት የኮንክሪት ሜዳ ሠሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ነው። በአፍጋኒስታን በካቡል ስኬቲስታን የተባለው ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ልጆችን ሲያስተምር ቆይቶ በ2009 ሜዳና መማሪያ ክፍል ያለው ሕንፃ ከፈተ። በዚያ አገር ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ መታየቷ ነውር ነበር፤ ስኬትቦርድ ግን አዲስ ስለሆነ ማንም ገና “ለሴት ክልክል ነው” አላለም ነበርና ብዙ ልጃገረዶች መጡ። በ2021 መንግሥት ሲለወጥ ይህ ሥራ ተቋረጠ።

በዮርዳኖስ በአማን ከተማ ደግሞ በ2014 መጨረሻ “ሰባቱ ኮረብቶች” የተባለ ሜዳ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ተሠራ። የሠሩት የአገሩ ተጫዋቾችና “ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ” የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ናቸው። ለእኛ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። ከአማን ልጆች ጋር ከፍልስጤም፣ ከሶሪያ፣ ከኢራቅ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ የተሰደዱ ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ ይማሩበታል። ስኬትቦርድ መግዛት ለማይችል ልጅ እዚያው በውሰት ይሰጠዋል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ጥቂት የአዲስ አበባ ወጣቶች “ኢትዮጵያ ስኬት” በሚል ስም ተሰባስበው ነበር። በከተማው የስኬትቦርድ ሱቅ ስላልነበረ አንዱን ጣውላ ለብዙ ልጆች እያዳረሱ፣ አዳዲስ በተሠሩ አስፋልቶች ላይ ከመኪና ጋር እየተጋፉ ይጫወቱ ነበር። ከውጭ በልገሳ የመጣ ጣውላም ይከፋፈሉ ነበር። በ2008 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2016) ያው “ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ” ከእነሱ ጋር ሆኖ በአንድ የመንግሥት የወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሕዝብ የኮንክሪት ስኬትቦርድ ሜዳ ሠራ። ከተለያዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር አብረው አሸዋ ተሸከሙ፣ ኮንክሪት አለሰለሱ። መግቢያው በነጻ ነው። በ2020 ገደማም በዚያው በአዲስ አበባ ሴቶች ብቻቸውን የሚለማመዱበት የኢትዮጵያ ልጃገረድ ስኬትቦርድ ተጫዋቾች ቡድን ተመሠረተ። ጨዋታው ራሱ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ስፖርቶች ተርታ ገብቷል።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር እንረዳለን። ኮንክሪት የማፍሰሱ ሥራ የሳምንታት ጉዳይ ነው። ዓመታት የሚወስደው ተጫዋች ማፍራቱ፣ መሬት ማግኘቱና ጠባቂ ማዘጋጀቱ ነው።

ሜዳው እንዴት ይነደፋል?

ነዳፊው በመጀመሪያ የሚያየው የውሃውን መሄጃ ነው። ዝናብ የሚያቁር ሜዳ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ “ጠፍጣፋ” የሚባለው ወለል እንኳ በአንድ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘነብል ይደረጋል። ቀጥሎ አፈሩ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ የብረት ፍርግርግ ይነጠፋል፣ ኮንክሪቱ ይፈስሳል፣ ከዚያም በብረት ማለስለሻ እንደ ሸክላ ምጣድ እስኪለሰልስ ድረስ ይታሻል። ተዳፋቶቹ ከተቀራረቡ ተጫዋቹ ሚዛኑን ሳይመልስ ሌላው ይደርስበታል፤ በጣም ከተራራቁ ደግሞ ፍጥነቱ ያልቃል። የጀማሪዎች ቦታም ከጎበዞቹ መንገድ ይለያል።

የሒሳብ መምህራን ይህን ለክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ጎባጣው ተዳፋት የክብ ቁራጭ ነው። ቅርጹን ለማውጣት ጣውላው ላይ ሚስማር ይመታል፣ ገመድ ይታሰራል፣ በገመዱ ጫፍ ባለው እርሳስ ቅስት ይሰመራል። የተዳፋቱ ከፍታ 1 ሜትር፣ የክቡ ሬዲየስ 2 ሜትር ቢሆን ተዳፋቱ መሬት ላይ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? በፓይታጎረስ ሕግ 2 ሲባዛ በ2፣ ሲቀነስ 1 ሲባዛ በ1፣ 3 ይሆናል፤ የ3 ካሬ ሥር 1.73 ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በጠመኔ ወለል ላይ ሠርተው በሜትር ቢያረጋግጡት ቀመሩን አይረሱትም።

እዚህ ጅቡቲ ላይ ቢሆንስ?

እንግዲህ ወደራሳችን እንመለስ። በጅቡቲ ከተማም ሆነ በአሊ አዴና በሆልሆል መጠለያዎች ኮንክሪት መሥራት የራሱ ጣጣ አለው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ይደርቃል፤ በሌሊት ወይም በማለዳ ማፍሰስ፣ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን፣ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ ስለዚህ ንጹሕ ውሃ መሆን አለበት። ታዲያ እናቶች በጀሪካን ተራ የሚጠብቁለትን ውሃ ሲሚንቶ ላይ እናፍስስ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሥራ መጀመር አይገባም።

ሁለተኛው የመሬት ጉዳይ ነው። የምንኖርበት መሬት የእኛ አይደለም። መጠለያዎቹን የሚያስተዳድረው የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ኦናርስ ሳይፈቅድ፣ የአካባቢው ነዋሪም ሳይስማማ የሚቆም ነገር ነገ ቢፈርስ ቅር ሊለን አይገባም። ደግሞስ የአገሬው ልጅ በአጥር ተከልክሎ የሚያየው ሜዳ ከሆነ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

በመሆኑም ትክክለኛው አጀማመር አነስተኛው ነው። በጣውላ የተሠሩ፣ ተነስተው የሚቀመጡ ትናንሽ ተዳፋቶች በትምህርት ቤት የሲሚንቶ ወለል ላይ ይበቃሉ። ጥቂት ጣውላዎች፣ የራስ ቁር፣ ፀሐይ ሲበርድ የሚከፈትበት ሰዓት፣ ለሴቶች ልጆች የተለየ ቀን፣ ቁልፍ የሚይዝና የሚመዘግብ ሰው፤ ይህ ሁሉ ያለ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይሆናል። መዝገቡ ከዓመት በኋላ “ይህን ያህል ልጆች ተጫውተዋል፣ ከእነሱም ይህን ያህሉ የአገሬው ልጆች ናቸው” ካለ፣ ቋሚ ሜዳ ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ ማመልከቻ የለም።

አንዳንድ ወላጅ “ልጄ እዚህ የሚኖረው ለጊዜው ነው፣ ሜዳ ምን ያደርግለታል?” ሊል ይችላል። መልሱ አጭር ነው። መጠለያው ለጊዜው ተብሎ ቢቆምም የልጁ ልጅነት ግን አይጠብቅም።

ለውይይት፦ 1ኛ/ በሰፈራችሁ ማንም የማይጠቀምበት ጠፍጣፋ ቦታ የት አለ? ባለቤቱስ ማን ነው? 2ኛ/ የመጫወቻ ቁልፍ ማን ይያዝ ትላላችሁ? ለምን? 3ኛ/ ውሃ ባነሰበት ቦታ ለጨዋታ ምን ያህል ማውጣት ይገባል?

መልሳችሁን በክፍል ተወያዩበት። ቸር እንሰንብት!