ባሕረ ሐሳብና የኮምፒዩተር ፕሮግራም

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማለት አንድን ስሌት ከመነሻው እስከ መድረሻው ድረስ፣ ለሚያሰላው ሰው ወይም መሣሪያ የሚያጠራጥር ነገር ሳይተው፣ ደረጃ በደረጃ የሚያዝ ጽሑፍ ነው። ትርጉሙ ይህ ከሆነ በኢትዮጵያ የፕሮግራም ታሪክ የሚጀምረው ኮምፒዩተር ወደ አገር ከገባበት ጊዜ ሳይሆን ባሕረ ሐሳብ በግእዝ ከተጻፈበት ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጥሊሊ፣ እንደ ሌሎቹ የአዊና የጎጃም ከተሞች ሁሉ፣ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ተሰልተው በአዲሱ ዓመት መባቻ ለምእመናን ይነገራሉ። በዚያችው ከተማ አንድ ተማሪ የእጅ ስልኩን ከፍቶ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ቢጠይቅ ያንኑ ቀን ያገኛል። ሁለቱ መልሶች መስማማታቸው እንደ ተራ ነገር ይታያል። ነገር ግን ስልኩ ትክክል የሚሆነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሊቃውንቱ የሚያውቁትን እያንዳንዱን ልዩ ሁኔታ አውቆ የጻፈ እንደሆነ ብቻ ነው። ይህን ሥራ የሠሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ሳይሆኑ በትርፍ ጊዜያቸው ለፍቅሩ ሲሉ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ናቸው።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዚህ ስሌት መነሻ በ2ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበሩት ቅዱስ ድሜጥሮስ ናቸው። በ13ኛው ምእተ ዓመት ግብፃዊው ሊቅ አቡሻኽር በዐረብኛ ያዘጋጀው የዘመን ቆጠራ መጽሐፍ በ16ኛው ምእተ ዓመት ወደ ግእዝ ተመልሶ የአገራችን ሊቃውንት ሲማሩትና ሲያስተምሩት ኖረዋል። በዚያው ምእተ ዓመት መገባደጃ ላይ ፈረንሳዊው ሊቅ ዮሴፍ ስካሊጀር እ.ኤ.አ. በ1583 ስለ ዘመን አቆጣጠር ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ የኢትዮጵያውያንን ባሕረ ሐሳብ ለአውሮፓ አንባብያን አቀረበ። የሚያስደንቀው ግን በዚያው መጽሐፍ የዩልያን ዘመን የተባለውን አቆጣጠር መመሥረቱ ነው። ይህ ዘመን የተገኘው 28፣ 19 እና 15 ተባዝተው ሲሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱ፣ ማለት የ28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይና የ19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ፣ በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ከአንዱ የቀን አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲመልሱ እንደ መሸጋገሪያ የሚይዙት ተከታታይ የቀን ቁጥር ከዚሁ ዘመን መነሻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት፣ ይቆጠራል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል፤ ለምሳሌ 2018 ዓ.ም. ይወሰድ። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ሁለት ሲተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 3 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ እየተባለ ስለሚቆጠር መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ነው። እንደገና 7518 ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው 13 መደብ ይባላል፤ አንዱ ለያዝነው ዘመን ሲተው 12 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 መሆን አለባቸው። ሊቃውንቱ ስሌታቸውን በዚህ ያረጋግጣሉ፤ በዘመኑ የምህንድስና አነጋገር መቆጣጠሪያ ድምር የሚባለው ነው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። እዚህ ላይ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ 18 እና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ። ይህ መባጃ ሐመር ይባላል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ሲታለፍ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይሆናል።

የዕለታት ተውሳክ፣ ማለት ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ እስከ ዓርብ 2 የሚወርደው ቁጥር፣ ለጀማሪ ያለ ምክንያት የተደረደረ ይመስለዋል። ምክንያት ግን አለው። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ከጥቅምትም እስከ የካቲት 120 ቀን ነው፤ 120 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ዕለቱ በአንድ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ ዓርብ ከዋለ ከ120 ቀን በኋላ ያው ቁጥር ቅዳሜ ላይ ይውላል፤ ከቅዳሜ ወደ ሰኞ ለመድረስ 2 ቀን ይበቃል። ቅዳሜ ከዋለ ደግሞ እሑድ ላይ ይደርሳል። በማግስቱ ሰኞ እንዳይገባ አንድ ሱባዔ ታልፎ 8 ይደመራል። ይህን ያወጣ ሰው መከፋፈሉን በሚገባ ያውቅ ነበር።

አሁን ይህን ስሌት በኮምፒዩተር የሚጽፍ ወጣት መሐንዲስ ይታሰብ። ፕሮግራሙን ጽፎ በ2018 ቢፈትነው ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። በ2017 ሲሞክረው ወንበር 11፣ መጥቅዕ 29 ይሆናል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ስለሆነ 4 ተደምሮ 33 ይመጣል። ሠላሳው ሲገደፍ 3 ይቀራል። ወሩንም ከጥር ወደ የካቲት ማሻገር የረሳ ፕሮግራም ነነዌ ጥር 3 ቀን ይገባል ይላል፤ ትክክለኛው ግን የካቲት 3 ነው። ይህ ስሕተት ግዙፍ ስለሆነ ወዲያው ይታያል፤ የሚያሠጋው የማይታየው ነው።

ዓመተ ዓለም ለ19 ያለ ትርፍ ሲካፈል መደብ ባዶ ይሆናል። የግእዝ አኃዝ ለባዶ ምልክት የለውም፤ ሆኖም ሊቃውንቱ አልቦ የሚል ቃል ስላላቸው በዚህ ጊዜ 19ኙን እንደ ሙሉ ቆጥረው አንዱን በመተው ወንበር 18 ነው ይላሉ። ይህን ያላወቀ ፕሮግራም ከባዶ ላይ አንድ ቀንሶ ከባዶ በታች ያለ ወንበር ይፈጥራል። እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች መጥቅዑ አሉታዊ ሆኖ ስለሚወጣ ብልሽቱ ይጋለጣል። ፓይተን ግን ትርፉን ሁልጊዜ አዎንታዊ አድርጎ ስለሚመልስ በ12 ፈንታ 11 ይሰጣል። አበቅቴውም 19 ስለሚሆን ድምሩ 30 ነው፤ የሊቃውንቱ መቆጣጠሪያ እንኳ ስሕተቱን አይዘውም። እንዲህ ዓይነት ዓመታት 1986፣ 2005፣ 2024 እና 2043 ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተሳሳተው መጥቅዕ በተውሳኩ ተካክሶ ነነዌ በትክክለኛው ቀን ትወጣለች፤ ለምሳሌ በ2024 ጥቅምት 12 ሐሙስ ነው፣ 3 ሲደመር 15፤ ጥቅምት 11 ረቡዕ ነው፣ 4 ሲደመር ያው 15። በ2043 ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ ስለሆነ 8 ተደምሮ 20 ይሆናል፤ ጥቅምት 11 ዓርብ ስለሆነ 2 ተደምሮ 13 ይሆናል። ፕሮግራሙ ትንሣኤን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ያውጃል ማለት ነው። ከ1986 ጀምሮ እስከ ዛሬ ባሉት ዓመታት ሁሉ ቢፈተን አንድም ስሕተት ባልተገኘበት ነበር።

መድኃኒቱም ከዚያው ከባሕረ ሐሳብ ይገኛል። መጥቅዕ ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ 11 ከእነርሱ ውስጥ የለም፤ 14ም የለም። ከዚህ በላይ 19 በ28 ተባዝቶ 532 ዓመት ዐውደ ቀመር ስለሚሆን በዓላቱ ከ532 ዓመት በኋላ በነበሩበት ቀን ይመለሳሉ። 532 ዓመታትን አንድ በአንድ የፈተነ ሰው ለዘለዓለም ፈተነ ማለት ነው። በዚህ ዘመን እጅግ የከበሩት የቁጥር ስሌት ፕሮግራሞች፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ከወጣው ፎርትራን ጀምሮ በዚያው ቋንቋ ተጽፎ በ1979 እስከ ታተመው ሊንፓክ ድረስ፣ እንዲህ ተሟልቶ የመፈተን ዕድል የላቸውም።

በውጭው ዓለምም ይህ ስሌት ታላላቆችን ፈትኗል። ካርል ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1800 ለምዕራባውያን ፋሲካ ያወጣው ስሌት ለሩቅ ዘመናት ስሕተት ስለ ተገኘበት በ1816 አርሞታል። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ፋሲካ ስሌት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ጽፏል። የሳይንስ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር ደግሞ በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል።

ኢትዮጵያውያን በግል ኮምፒዩተር ላይ መጀመሪያ የተጋደሉት ግን ከቁጥሩ ጋር ሳይሆን ከፊደሉ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው የየራሳቸውን የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራም አዘጋጁ፤ ዶክተር አበራ የሠለጠኑት በእንስሳት ሕክምና መሆኑ የዚህን ሥራ ባሕርይ ይገልጻል። ፊደሉ ከሃያ አኃዞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ገባ። ከፊደሉ ጋር የቀን መቁጠሪያው ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ የኢትዮጵያን ቀን በተከታታይ የቀን ቁጥር በኩል ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚመልስ ንጹሕ ስሌት አቀረቡ። ናኩም ደርሾዊትዝና ኤድዋርድ ሬይንጎልድም እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት የቀን ስሌት መጽሐፍ ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አካተቱ። ከእነዚህ ምንጮች እየቀዱ በየቋንቋው የጻፉ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

ሁሉም ግን ከምንጩ አልቀዱም። በጣም የተለመደው አቋራጭ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሮ የወሮቹን ልዩነት ከቋሚ ሠንጠረዥ ማንበብ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከማርች 1900 እስከ ፌብሩዋሪ 2100 ላለው ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱም በኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ያለማቋረጥ ስድስት ትሆናለች፤ ጎርጎርዮሳዊው ግን በ1900 ተጨማሪ ቀን አልነበረውም፣ በ2100ም አይኖረውም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚህ ሠንጠረዥ ቢመለስ የዐድዋ ጦርነት ማርች 2 ቀን 1896 ሰኞ ተደረገ ይላል። ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ቀን እሑድ መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በተከታታይ የቀን ቁጥር ሲሰላ የካቲት 23 ቀን 1888 ቁጥሩ 2413620 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል፣ ይኸውም እሑድ ነው።

ለዐድዋ ቀን የታሪክ መጻሕፍት ምስክር አሉ። በአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ለተመለሰ የልደት ቀን ግን ከወረቀቱ በቀር ምስክር የለም፤ በአንድ ቀን ልዩነት የተነሣም ሁለት ሰነዶች የአንድ ሰው አይደሉም ሊባል ይችላል። መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ላይ ይውላል፤ ቋሚው ሠንጠረዥ ሴፕቴምበር 11 ይላል። በ2018 ዓ.ም. በጥሊሊ የተወለደ ሕፃን በዚያን ጊዜ ሰባ አምስት ዓመት ይሆነዋል።